ያልታመመችው ልጄ

ቤታችን ከስታዲየሙ አጥር ጋር ተጣብቆ ነው የተሠራው። ተማሪ ሳለሁ ሜዳው ግንብ አልነበረውም፤ ባዶ አቧራ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ መቶ ሜትር ስሮጥ ወድቄያለሁ፤ ደመራ ሲለኮስ ጨፍሬያለሁ፤ ዒድ ሲሰገድ የጎረቤቶቻችንን ጫማ ጠብቄያለሁ። ሰው ሲሰበሰብ ግን ሁልጊዜ ክፉው ነው የሚታየኝ፤ ግፊያው፣ እሳቱ፣ ጥይቱ።

በ2013 ሚያዝያ ክፉው የምር መጣ። አጣዬ ተቃጠለችና የሸሸው ሕዝብ ስታዲየሙ ውስጥ ፈሰሰ፤ መልበሻ ክፍሉም፣ የተመልካች መቀመጫው ሥርም ሞላ። ዝናብ በጣለ ማታ አንዲት ሴት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ በሬን አንኳኳች። ሳሚያ እባላለሁ አለችኝ። ረመዳን ነበር፤ ገና ስላላፈጠረች ከንፈሯ ደርቋል።

«እህቴ፣ እስኪያባራ ልጆቼን አስጠጊልኝ። እኔ እውጭ እቆማለሁ።»

በሽታ ያመጡብኛል፣ ተከትሏቸው የሚመጣም አይጠፋም ብዬ ፈራሁ። «ልጄ ታማብኛለች፤ የሚተላለፍ ነው» አልኳት። ልጄ ኤደን ጓዳ ተቀምጣ በቆሎ እየበላች ነበር።

ሳሚያ አልተቆጣችም። «አላህ ያሽርልሽ። ስሟ ማነው?» አለች። ነገርኳት።

ባለፈው እሁድ የኤደን የእግር ኳስ ቡድን እዚሁ ስታዲየም ከአጣዬ ሴቶች ጋር ገጠመ። እግሯ ይሰበራል እያልኩ ግማሹን ጨዋታ ዓይኔን ጨፍኜ አሳለፍኩት። ጓደኞቿ «ኤደን! ኤደን!» ብለው ሲጮኹ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ዞር አለች። ሳሚያ ነበረች።

«የኤደን እናት! ሰባት ቁጥሯ ናት?»

«እሷ ናት።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ አቀፈችኝ። «ዒድን እዚሁ ነው የሰገድነው፤ ያው ጎሉ አጠገብ። ለተቃጠለው ቤቴ ሳልለምን ለሷ ዱዓ አደረግሁ። የአጣዬዋ በረኛ የኔ ልጅ ናት፤ እስከ ዛሬ ‹ያቺ ልጅ ተሻላት ይሆን?› ትለኛለች።»



ለዕረፍት ፊሽካ ተነፋና ኤደን ውሃ ልትጠጣ መጣች። ሳሚያ «የበረኛዋ እናት ነኝ» ብላ ጉንጯን ይዛ ሳመቻት። «ለቀቀሽ የኔ ልጅ? ያ በሽታ?»

«የምን በሽታ?» ኤደን ሳቀች። «እኔን ጉንፋንም አይደፍረኝም። እማዬ ናት ቀድማ የምትታመምልኝ።»

ሳሚያ አየችኝ። ከዚያ ቶሎ ብላ፣ «እንግዲያ ሌላ ቤት ይሆናል። ያኔ በሩ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር» አለች።

መውጫ ሰጠችኝ። ብወጣበት ማንም አያውቅም ነበር።

«ሌላ ቤት አይደለም» አልኩ። «ልጄ አልታመመችም። ፈርቼ ነው የዋሸሁሽ።»

ኤደን የውሃውን ሀይላንድ ከአፏ አወረደች። ሳሚያ ወደ ሜዳው ዞረች።

«ሌሊቱን ሁሉ ዘነበ» አለች። «ትንሿን ሳል ያዛት።»

ፊሽካው ተነፋ። ኤደን የተረፈውን ውሃ ለኔ ሳይሆን ለሳሚያ አቀበለቻት። «ለበረኛዋ ይስጡልኝ» ብላ ሮጠች።

ሜዳ ስትገባ ሁልጊዜ ዞራ እጇን ታውለበልብልኝ ነበር። ዓይኔን ሳልጨፍን ጠበቅኋት። አልዞረችም።