ቦታችሁ ባዶ ነው

ኢራጅ «እምቢ» የሚለውን ቃል ከእናቱ ሆድ ይዞት አልወጣም። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። አርባውን ዓመት ቴህራን ውስጥ መነጽር ሲሸጥ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው ፊት ለፊት «አይሆንም» ብሎ አያውቅም። እርግጥ ታሮፍ የሚሉት ይሉኝታ በአገሩ ሰው ሁሉ ላይ አለ፤ በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በሞቴ እርስዎ» ሲባባል የሚረፍድበት ሕዝብ ነው። ኢራጅ ላይ ግን በሽታ ሆኖበታል። ሌላው ሰው «እቤት ጎራ በሉ እንጂ» ሲል ማንም ጎራ አይልም። ኢራጅ ሲል ግን ፊቱ በርቶ ስለሚለው፣ ሰው ያምነውና ይመጣል።

የዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያርፈው ሚስቱ ጎልናር ላይ ነው። ለጫጉላቸው ኢስፋሃን ሲሄዱ አውቶቡስ ላይ የተዋወቁት ምንጣፍ ነጋዴ ከነእናቱ ሦስት ቀን አብሯቸው ሰንብቷል። የካስፒያንን ባሕር ለማየት ሲወርዱ የፀጉር አስተካካዩ ቤተሰብ የኋላውን ወንበር ሞልቶት ነበር፤ የሰውየው ትንሿ ልጅ የጎልናር አዲስ ካፖርት ላይ አስታወከች። ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ኖረው፣ ባልና ሚስቱ አንዲት መንገድ እንኳ ለብቻቸው ሄደው አያውቁም።

ዘንድሮ የመጸው ወር አባን ገብቶ፣ የሳቫድኩህ ተራራ ጫካ ቅጠሉ ቀላ ሲባል፣ ጎልናር ቁርስ ላይ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ሐሙስ ቅጠሉን ልናይ እንሄዳለን» አለች። «እኔና አንተ። ሦስተኛ ሰው ካየሁ ግን፣ እምልልሃለሁ ኢራጅ፣ እዚያው እወርድና ሳሪ ከተማ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። የብርዱን ወራት እዚያው ነው የምከርመው። ለአዲስ ዓመቱ፣ ለኖውሩዝ፣ እመለስ እንደሆነ ያኔ አስብበታለሁ።»

«ኧረ ጎልናር ጃን! የእግርሽ አፈር ያድርገኝ፣ እኔ እኮ…»

«ይኸው! ጭራሽ በእኔም ላይ ታሮፍ?»

ጎልናር ቀልደኛ ናት፣ ይህን ስትናገር ግን አልሳቀችም። ኢራጅ ያለ እሷ አንድ ሙሉ የብርድ ወራት በዚያ ቤት ሲቀመጥ ታየው። ከዚህ በኋላ አፌን እሰፋዋለሁ ብሎ ለራሱ ማለ።

መሐላው እስከ ረቡዕ ጠዋት ቆየ። ረቡዕ ጠዋት አሳንሰር ውስጥ ከሦስተኛው ፎቅ ጎረቤቱ፣ ከጡረተኛው ኮሎኔል ሴይፎላህ ጋር ተገጣጠመ። ኮሎኔሉ በኢራጅ እጅ ያለውን የጎማ መንፊያ አየና «መንገድ አለ መሰለኝ» አለው።

መዋሸት ይችል ነበር። «ነገ ሳቫድኩህ፣ ቅጠል ለማየት ነው። ቦታችሁ ባዶ ነው» አለ ኢራጅ።

«ቦታችሁ ባዶ ነው» ማለት እኮ ምንም ማለት አይደለም። ጥሩ ምሳ የበላ ሁሉ ላልበላው የሚላት ነገር ናት፤ ተነስቶ የመጣባት ሰው ተሰምቶ አያውቅም።

«ባዶ ከሆነማ እንሞላዋለን!» አለና ኮሎኔሉ እየሳቀ ወረደ። ይቀልድ ይሁን ወይስ የምሩን አልታወቀም። ኢራጅ ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም።

ሐሙስ በማለዳ ወጡ። ጎልናር እንዲህ ደስ ብሏት አይቷት አያውቅም። የዱባ ፍሬ እየፈለቀቀች በአፉ ታጎርሰዋለች፣ የልጅነት ዘፈን ታንጎራጉራለች፣ የደማቫንድ ተራራ ብቅ ሲል የምታውቀው ሰው ያየች ይመስል እጇን ታወዛውዛለች። ኢራጅ ግን የፊቱን መንገድ ትቶ የኋላ መስታወቱን እያየ ነው የሚነዳው። ኮሎኔሉ ነጭ መኪና አለው። በዚያ ቀን ደግሞ የፋርስ ምድር ነጭ መኪና ሁሉ ከኋላው የተሰለፈ መሰለው። ስልኩ ጭኑ ሥር ሆኖ ሦስት ጊዜ ነዘረ።

«ማነው?» አለች።

«ማስታወቂያ ነው። ሎተሪ ደረሰህ ነው የሚሉት» አለና በላብ ተጠመቀ።

ፊሩዝኩህ ሻይ ቤት ሲቆሙ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰውዬ መኪናው እንደተበላሸበት፣ ወደ ሰሜን የሚወስደው እንዳጣ ለሻይ ቤቱ ባለቤት ሲያወራ ሰሙ። ጎልናር ባሏን አየችው። ኢራጅ ምላሱ ስትነሳ ተሰማው፤ አፉን የሚዘጋበት ሲያጣ ግማሽ ዳቦ ባንዴ ጎረሰ። ዳቦውን እስኪውጠው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጎልናር ከጠረጴዛው ሥር እጁን ጨበጥ አደረገችው፤ ኢራጅም በሕሊናው ውስጥ ኮሎኔሉን እያሰበ እንደ ሌባ አፈረ።

ከፊሩዝኩህ በኋላ ደረቁ ተራራ አለቀ። መንገዱ በዋሻ ገብቶ በዋሻ ሲወጣ ጫካው ጀመረ። ወደ አላሽት በሚወስደው መገንጠያ ጥቂት ከሄዱ በኋላ መኪናውን አቁመው ምንጣፍ አነጠፉ። ከላይ እስከ ታች ቢጫ ነው፣ ከቢጫው መሃል ቀዩ እዚህም እዚያም ይንቦገቦጋል፤ ነፋስ ሳይኖር እንኳ ቅጠሉ አንድ አንድ እያለ ይወርዳል። ጎልናር ጫማዋን አውልቃ ጀርባዋን ለዛፍ ሰጠች።

«ስማ» አለችው።

ኢራጅ ደንግጦ «ምን? መኪና ነው?» አለ።

«ምንም። ምንም የለም እኮ፤ እሱን ነው የምልህ።»

ገና ተናግራ ሳትጨርስ ጥሩምባ ተንጫጫ። ነጩ መኪና አቧራውን እያቦነነ መጥቶ ቀጥ አለ። ኮሎኔሉ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቷል፤ ሚስቱ ቱራን ኻኖም በጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ የሩዝ ድስት ታቅፋለች፤ ከኋላ የሻይ ማፍያ ሳሞቫር፣ ብርድ ልብስና የሮማን ካርቶን ይታያል።

«አገኘናችሁ!» አለ ኮሎኔሉ። «ስልክህ ምን ሆነ? በየሻይ ቤቱ እየቆምኩ ‹ሳቂታ ሽማግሌ አላያችሁም› ስል ነው የመጣሁት!»

ጎልናር ጫማዋን አጠለቀች። ከዚያ በጣም ረጋ ብላ «የሳሪ ታክሲ የሚያዘው ዋናው መንገድ ላይ ነው አይደል?» አለችው ባሏን።

ኢራጅ ወደ ነጩ መኪና ሄደ።

«ኮሎኔል፣ ምነው ተቸገራችሁ» አለ።

«ምን ችግር አለው!»

«አይ፣ ዛሬ… ባትቸገሩ ይሻል ነበር።»

«ኧረ ታሮፍ አታብዛ ወንድሜ!»

«የምሬን ነው። ተመለሱ።»

«አየሽ ቱራን? እንዳንደክምለት ብሎ እኮ ነው! እንዲህ ያለ ጨዋ ከየት ይገኛል?» ኮሎኔሉ በሩን ከፈተ። «በቃ፣ ሦስት ጊዜ እምቢ አልክ፣ የታሮፉ ወግ ሞልቷል። አሁን ሳሞቫሩን ላውርደው።»

የኢራጅ ጉድ ይህ ነው። ዕድሜ ልኩን አፉ ለይሉኝታ ብቻ ሲናገር ኖሮ፣ የምሩን እምቢ ሲል የሚያምነው ሰው አጣ። ወደ ኋላ ዞሮ አየ፤ ጎልናር ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ቁልቁል መራመድ ጀምራለች። ያን ጊዜ ከሆዱ የወጣው ድምፅ እሱን ራሱን አስደነገጠው።

«ከሚስቴ ጋር ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ!»

ላሞቿን እየነዳች የምታልፍ አንዲት ባላገር ሴት ቆማ አየችው። የኢራጅ ጆሮ ቲማቲም መሰለ። ኮሎኔሉ ሳሞቫሩን እንዳቀፈ ቀረ። ጎልናርም ባለችበት ቆመች።

መጀመሪያ አፏን የከፈተችው ቱራን ኻኖም ናት። «ሰማህ?» አለችው ባሏን።

«ምኑን?»

«‹ከሚስቴ ጋር ብቻዬን› አለ። በዚህ ዕድሜው! ሰው እየሰማው! አንተ እኔን ይዘህ የመጣኸው ድስቱን የሚያቅፍልህ ስላጣህ ነው።»

«ቱራን፣ ሰው ፊት…»

«ሳሞቫሩን መልስና አዙር! ዛሬ እኔም ከባሌ ጋር ብቻዬን ቅጠል አያለሁ። ባትፈልግም ታያለህ!»

ስንት ወታደር ያዘዘው ሰውዬ ሳሞቫሩን መለሰና «በየት በኩል ላዙር?» አለ።

መኪናው ወደ ኋላ ሲንፏቀቅ ጎልናር ሮጣ ደረሰችበት። «ቱራን ኻኖም! ኧረ እንዴት ሻይ እንኳ ሳትቀምሱ? እኔን አፈር ይብላኝ!»

የፍሬኑ ቀይ መብራት ቦግ አለ። የኮሎኔሉ በር ተከፈተ፣ አንድ እግሩም ወጣ። ኢራጅ ዓይኑን ጨፈነ።

«እግርህን አስገባ!» የሚል የቱራን ኻኖም ድምፅ ተሰማ። በሩ ተዘጋ፣ መኪናውም ሄደ።

ጎልናር አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። «ከአፌ አመለጠኝ» አለች።

«ገባኝ» አለ ኢራጅ፤ ይህን በሽታ ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም። ኮሎኔሉን የጠራሁት እኔው ነኝ ሊላት ሲል እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመችው።

«ቅድም ያልከውን ድገመው» አለችው።

«ልጩህ?»

«ቀስ ብለህ። ለእኔ።»

ከጩኸቱ ይልቅ ይህኛው ከበደው። ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ካንቺ ጋር ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ» አላት።

«ታሮፍ ነው?»

«አይደለም።»

ጎልናር ቦርሳዋን ምንጣፉ ላይ ጣለችው።

«እንግዲህ እህቴ ዘንድሮም ብርዱን ብቻዋን ትቻለው» አለች።