የኡና ጀልባ ለደመራ አትሆንም

ደዝመንድ ሃሌት የቀይ ቀለም ቆርቆሮውን ይዞ መጥቶ የኡና ጀልባ ሆድ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ሲያደርግ፣ ኡና አጠገቡ ቆማ ስጋና ድንች በሊጥ የተጠቀለለበትን ፓስቲዋን እየበላች ነበር።

«ምን መሆንህ ነው አንተ?»

«እትዬ ኡና፣ እንዳትቀየሚኝ። እንደ እናቴ ስለማይሽ ነው የምነግርሽ። በስብሳለች።» የጀልባ ክበቡ ሊቀመንበር ደዝመንድ አውራ ጣቱን ጀልባዋ ላይ ጫን አደረገው፤ ጣቱ እንጨቱ ውስጥ ስምጥ አለ። «አየሽ? ለደመራው ትሁን።»

በዚያች የስንዴ ገበሬዎች የወደብ ከተማ የጀልባ ክበቡ ወግ እንዲህ ነው። ብርዱ አልፎ ወቅቱ በሚከፈትበት ቅዳሜ ቀኑን በሸራ ሲሮጡ ይውሉና፣ ሲመሽ የሞቱትን ጀልባዎች አሸዋው ላይ ከምረው ያነዷቸዋል። ቢራ ይጠጣል፣ ቋሊማ ይጠበሳል፣ ባለቤቱ ትንሽ ያለቅሳል፣ በቃ። ጀልባ የሌለው ሰው ደግሞ ክበቡ ፊት ለፊት ባለው ሣር ላይ ቦታ የለውም። ሴት ከሆነችና ስልሳን ካለፈች ማንም «አንቺ ኩሽና ግቢ» አይላትም፤ ግን ኩሽና ነው የምትገባው፣ ዳቦ ላይ ቅቤ ስትቀባ ነው የምትውለው። ኡና ስልሳ ስድስት ሞልቷታል። ይቺ ጀልባ ከነደደች ባሕር ላይ የሚያወጣት ሌላ ሰው እንደሌለ ጠንቅቃ ታውቃለች።

ጀልባዋ መንታ ናት፤ ሁለት ቀጫጭን ቀፎዎች ጎን ለጎን በብረት አግዳሚ ተያይዘው፣ መሃላቸው ሰው የሚቀመጥበት መረብ የተወጠረባት። ምሰሶዋ ደህና ነው። ሸራዋም ተጣጥፎ የተሰፋ ቢሆንም ደህና ነው። የበሰበሱት ቀፎዎቹ ናቸው።

«ቀፎዎቹን ውሰድና አንድዳቸው» አለችው ኡና። «ጀልባዬን ግን አትነካትም። አዲስ ቀፎ ይሠራላታል።»

«ማን ነው የሚሠራው?»

«እኔ ነኛ! ቅቤ የሚቀባ እጅ ሙጫ መቀባት ያቅተዋል?»

የክበቡ በረንዳ ላይ የነበሩት ሳቁ። ሳቁ ወደ ደዝመንድ ስለነበር ፊቱ ቀላ። «እሺ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «በመክፈቻው ቀን በራሷ ሸራ ወጥታ፣ ባሕሩ ውስጥ የቆመውን መብራት አምድ ዞራ፣ ደመራው ሳይለኮስ አሸዋው ላይ ከደረሰች ቦታሽ የአንቺ ነው። በገመድ ተጎትታ ከመጣች ግን አዲሱም አሮጌውም ይነዳል።»

«ሰምታችኋል አይደል?» አለች ኡና ወደ በረንዳው ዞራ። «ኋላ ቃሉን እንዳያጥፍ።»

ሥራው የተሠራው በእህቷ በሜሪን የበግ መሸለቻ ቤት ውስጥ ነው። ሜሪን የኡና ታናሽ ናት፤ ጉልበቷ ያማታል፣ ምላሷ ግን ጤነኛ ነው። ኡና መሪውን ስትይዝ የፊት ሸራውን ገመድ እየሳበች ሠላሳ ዓመት አብራት ወጥታለች።

ሁለቱ እህቶች ረጃጅም የኮምፔንሳቶ ገበታዎች ቆረጡ። ገበታዎቹን ከታች በኩል በመዳብ ሽቦ ሰፏቸው፤ ከዚያ እንደ መጽሐፍ ከፈቷቸውና በፈላ ውሃ የተነከረ ፎጣ እያለበሱ፣ በቀበቶ እያጠበቁ ከእንጨት በተሠራ ቅርጽ ላይ አጎበጧቸው። ኮምፔንሳቶ ሲጎብጥ ይጮሃል። በጮኸ ቁጥር ሜሪን «ቻይው እህቴ፣ እኛም ችለነዋል» ትለዋለች። ሙጫው ጸጉራቸው ላይ ደረቀ፤ የብርጭቆ ወረቀቱ የጣታቸውን ቆዳ ላጠው። ኡና ግን እንደዚያ ወራት ደስ ብሏት አያውቅም፤ ስትሠራ ታፏጭ ነበር።

የዚህ ዓይነት ጀልባ ቀፎ እንደ ጫማ ግራና ቀኝ አለው። የውጭ ጎኑ ቀጥ ያለ ነው፣ የውስጥ ጎኑ ያበጠ። ነፋስ ሲገፋት ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ባሕሩን ነክሶ የሚይዛት ይኸው ቅርጹ ነው። የመጀመሪያውን ቀፎ ሲጨርሱ ቦታ እንዳያጣብብ ሆዱን ወደ ላይ አድርገው ጣሪያው ላይ ሰቀሉትና፣ ሁለተኛውን እዚያው ቅርጽ ላይ ጀመሩ። ቅርጹን መጀመሪያ መገልበጥ ነበረባቸው። ኧረ ማን አስታውሶ!

መክፈቻው ሳምንት ሲቀረው ሁለቱን ቀፎዎች በጭነት መኪና አምጥተው ሣሩ ላይ ጎን ለጎን አስተኟቸው። ነጭ ተቀብተው ያበራሉ። ሜሪን አግዳሚውን ልታቀብል ጎንበስ አለችና አግዳሚውን መልሳ አስቀመጠችው።

«ኡና።»

«እ?»

«እስቲ የግራ እግርሽን አሳዪኝ።»

ኡና ግራ ተጋብታ እግሯን አነሳች።

«ጎሽ። አሁን ደግሞ ሌላኛውን የግራ እግርሽን።»

ኡና ቀፎዎቹን አየች። አንዱን ዞረችው፤ ሌላውን ዞረችው። ከዚያ ሣሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ማልቀስ አማራት፤ ከሀዘኑ ይልቅ ግን ንዴቱ በለጠ። ክረምቱን ሙሉ ስታፏጭ ሁለት ግራ ኖሯል የሠራችው!

ደዝመንድ መጥቶ አይቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ማን አይስቅም? «አይዞሽ እትዬ ኡና» አላት ዓይኑን እየጠረገ። «ሞክረሻል። ይኼም ትልቅ ነገር ነው። ቅዳሜ ወንበር እይዝልሻለሁ።»

«ወንበርህን ራስህ ተቀመጥበት። ቅዳሜ እወጣለሁ።»

«በሁለት ግራ?!»

«ቃል ስትገባ አንዱ ቀኝ ይሁን ብለህ ነበር እንዴ?»

ሌላ ቀፎ ለመሥራት ጊዜ የለም። ኡና ወደ ባሕሩ እስከሚገባው የእንጨት ድልድይ ጫፍ ሄዳ ተቀመጠችና ባሕሩን ስታይ ቆየች። ነፋስ ከቀኝ ከመጣ ጀልባዋ ክብደቷን የምትጥለው በግራ ቀፎዋ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ በቦታው ያለ፣ ምንም የማይወጣለት ቀፎ ነው። ጉዱ የሚመጣው ነፋሱ ከግራ ሲሆን ነው። መብራት አምዱ ከወደቡ በስተምዕራብ ነው። በዚያ ወቅት በሚነፍሰው ትኩስ የሰሜን ነፋስ ሲሄዱ ከቀኝ ይመታቸዋል፤ መልካም። ሲመለሱ ግን ከግራ ይሆንና እየተንሸራተቱ በደቡብ በኩል ያለው ድንጋይ ላይ ይወጣሉ።

ሰሜኑ ካልቆመ ነው እንግዲህ ይኼ። በዚያ ሰላጤ ሰሜኑ አገሩን ሲያቃጥል ከዋለ፣ ሲመሻሽ «ለውጡ» ይመጣል፤ ቀዝቃዛ፣ ኃይለኛ የደቡብ ነፋስ። ሰው ሁሉ እሱ ሳይደርስ አሸዋው ላይ ለመውጣት ነው የሚሮጠው።

«እኛ እንጠብቀዋለን» አለቻት ለሜሪን። «በእሱ ስንመለስ ነፋሱ እንደገና ከቀኝ ይሆናል።»

«አንቺ ሴትዮ አብደሻል!»

«አሁን ገና አወቅሽ?»

ቅዳሜ ሰሜኑ ከስንዴው ማሳ አቧራ እያመጣ ፊት ይለበልብ ነበር። ኡና መሪውን ያዘች፣ ሜሪን ገመዱን ሳበች፣ ጀልባዋም ወጣች። እንዴት ያለ አወጣጥ! የግራው ቀፎ ውሃውን እየሰነጠቀ፣ ሌላው ግራ ከባሕሩ ከፍ ብሎ ተንሳፍፎ፣ ደዝመንድን በአዲሱ የፋብሪካ ጀልባው ላይ ቁጭ እንዳለ አለፉት። ሜሪን እጇን አውለበለበችለት።

ከዚያ አምዱን ዞሩ። ሌሎቹ ሁሉ ዞረው ወደ ቤታቸው ገሰገሱ። ኡና ግን ሸራውን አወረደችና ጀልባዋን አምዱ ላይ አሰረቻት። ሁለቱ እህቶች መረቡ ላይ ተቀምጠው ቀዝቃዛ ፓስቲ መብላት ጀመሩ።

ብዙም ሳይቆይ ደዝመንድ የራሱን ጀልባ አሸዋው ላይ ትቶ በክበቡ የሞተር ጀልባ እየከነፈ መጣ። አሁን አልሳቀም። «ለውጡ እየመጣ ነው! ገመዱን ያዢ!» ብሎ ወረወረላት።

ኡና ገመዱን አንስታ መልሳ ወረወረችለት። «አልይዝም!»

«ትሞታላችሁ እኮ!»

«ሞታችን ያንተ ጉዳይ አይደለም! ሂድና ቋሊማህን አገላብጥ!»

«እንዳያርርብህ!» አለች ሜሪን አፏ ፓስቲ እንደሞላ።

ደዝመንድ ግን አልሄደም። ፈርቶላቸው ነበር፤ ሞተሩን እያንጎራጎረ ዙሪያቸውን ይዞር ጀመር።

ድንገት ሰሜኑ ቆመ። ባሕሩ ጸጥ አለ። በደቡብ በኩል ጥቁር መስመር ውሃው ላይ ታየና እየቀረበ መጣ። ኡና መሪውን ጨበጠች።

«ሜሪን፣ ፈርቻለሁ።»

«እኔም። ሸራውን ሳቢ።»

ሸራው ተሰቀለ፣ ማሰሪያው ተፈታ፣ ለውጡም ደረሰ። ጀልባዋ ጮኸች፤ ልክ እንደዚያ እንደ መሸለቻ ቤቱ ጩኸት። «ቻይው እህቴ!» ብላ ሜሪን ጮኸችላት። ነፋሱ ከቀኝ ነው፤ ግራው ቀፎ ባሕሩን ነክሶ ይዟል፤ ማዕበሉ ፊታቸውን ይጠፈጥፋቸዋል። ኡና ትሳደባለች፣ ትስቃለች፣ ምን እንደምትል ራሷም አታውቅም። የደዝመንድ ሞተር ከኋላ እየራቀ ሄደ። እህቶቹ አሸዋው ላይ ተተኩሰው ሲወጡ፣ በረንዳው ላይ የነበረው ሰው በሙሉ ቢራውን እንደያዘ ወደ ታች ሮጠ።

ደመራው አልተለኮሰም። ቀይ ኤክስ ያለባቸው አሮጌ ቀፎዎቿ አናቱ ላይ ተሰቅለዋል። ደዝመንድ ዘግይቶ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ደረሰ። ኡና እጇን ዘረጋችለት።

«ክብሪቱን።»

አቀበላት። አሮጌዎቹን ራሷ ለኮሰቻቸው። ባለቤቱ ትንሽ ያለቅሳል አልኩ አይደል? እሷ አላለቀሰችም።

«በሚመጣው ክረምት» አለች ለሜሪን እሳቱን እያየች፣ «አንድ ቀኝ እንሠራላታለን።»

«አንድ ምን ይሠራል? ሁለት ነዋ! ሁለት ግራ አለን፤ ሁለት ቀኝ ሲጨመርበት ሁለት ጀልባ ይወጣዋል። አንዱ የኔ።»

ኡና ዞራ አየቻት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ገመድ ስትስብላት፣ ሜሪን መሪ መያዝ ትፈልግ ይሆን ብላ አንድ ቀን እንኳ አስባ አታውቅም።

«አንቺ? በዚህ ጉልበትሽ ልትመሪ?»

«ምነው? ኩሽና ልግባልሽ?»

የኡና ፊት ጋለ፤ ከእሳቱ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ዞር ብላ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጮኸች።

«ደዝመንድ! ሣሩ ላይ ሁለት ቦታ አስለቅቅ!»