የባጃጅ ሞተር የገባላት እንቁራሪት

ሞተሩ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። ወንዳወቅ ጆሮውን ጣል አድርጎ ጥቂት አዳመጠና ማርሽ አስገብቶ ለቀቃት። ስምንቱም ጎማ እኩል ዞረ፤ ከአይሱዙው ላይ በተደገፈው ሳንቃ ቁልቁል ወርዳ የተከዜ ግድብ ውሃ ዳር ቆመች። ተሰብስቦ የሚጠብቀው ሰው አጨበጨበ።

"ይች ድምፅ የባጃጅ አይደለችም እንዴ?" አለ የወረዳው የንብረት ኃላፊ ዓለምነህ።

"የባጃጅ ናት። ባጃጅ ስትዋኝ አይተው አያውቁም፤ ዛሬ ያያሉ።"

እንቁራሪት ይሏታል፤ በየብስም በውሃም የምትሄድ መኪና ስለሆነች። አንድ ፕሮጀክት ትቷት ከሄደ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ወረዳው ግቢ ውስጥ የዶሮ ማደሪያ ሆና ኖራለች። ሞተሯ ተጣብቆ ቀርቷል፣ ቺንጋዋ ተበጣጥሷል፣ መለዋወጫዋ አገር ውስጥ የለም። ወንዳወቅ የሰቆጣ መካኒክ ነው። "የባጃጅ ሞተር ከነካምቢዮው እገጥምላታለሁ፤ በቺንጋው ፋንታ ሰንሰለት አስርላታለሁ" ሲል የሳቀ እንጂ ያመነው አልነበረም። ሦስት ሳምንት ታገላት። ዛሬ የወረዳው ኮሚቴ ፊት ካልተሻገረች ለቁርጥራጭ ብረት እንድትሸጥ ተወስኗል።

ክረምት አልፎ ውሃው ሲሞላ ከማዶ ያለው ቀበሌ ይቆረጣል። ዙሪያውን በእግር ለሚሄድ መንገዱ አንድ ቀን ተኩል ነው፤ የክትባት በረዶ ደግሞ ያን ያህል አይቆይም። አምና ሁለት ሕፃናት በኩፍኝ የሞቱት በዚሁ ምክንያት ነው። ነርሷ ዓይናዲስ የበረዶውን ሣጥን ታቅፋ ከሁሉ ፊት ቆማለች።

መኪና ጸበል ሳይረጭበት መንገድ አይጀምርም። ቄስ ወልደ ሐዋርያት፣ ወንዳወቅን በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠሩት የኔታ፣ ጸሎቱን አድርሰው ፊቷንና ጎማዋን ረጩ። ከዚያ ቆም ብለው አሰቡ።

"ለመኪና ይህ ይበቃል። ይች ግን ውሃ ልትገባ ነው" አሉና ጄሪካኑን አንስተው ሆዷ ውስጥ ገለበጡት።

ወንዳወቅ ጎማዎቹን ለማየት ጎንበስ ብሎ ነበር። ከሥሯ አንድ ጠብታ ወረደ፤ ቀጥሎ ሌላ። ጠብ የሚለው የሞተሩ መቀመጫ በታሰረበት ልክ ነው።

ሞተሩን ሲያስቀምጥ ወለሏን በትራፓኖ በስቶ፣ ቡሎን አሳልፎ፣ ከሥር በዳዶ አጥብቆ ነበር፤ ሃያ ዓመት አይሱዙ ላይ እንደሚያደርገው። ዳዶው ሥር ውሃ የሚከለክል ጎማ ማስገባት ትዝም አላለው። ማን ያስበዋል? ሰቆጣ ላይ ውሃ የሚመጣው ከላይ ነው፤ እሱም ከመጣ።

ከሱ በቀር ያየ የለም። ማዶ ለመድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ግን መሃል ላይ ሞተሩ እያንቀጠቀጠው ዳዶው ቢላላስ? ዓይናዲስ ዋና አትችልም። እሱስ መቼ ይችላል? ደገኛ ነው።

"ግባ እንጂ፣ ኮሚቴው ቆሟል" አለ ዓለምነህ።

ወንዳወቅ እጁን ሰዶ ሞተሩን አጠፋው። ድምፁ ሲጠፋ ሁሉም ወደሱ ዞረ።

"ታፈሳለች" አለ።

ዓለምነህ ክንዱን ይዞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለዛሬ ብቻ ትሻገር። አይተው ይፈርሙ፤ ከዚያ ትደፍነዋለህ። ዛሬ ከቀረች እኔም አላስጥላትም።"

"ነርሷን ይዛ ብትሰምጥስ?"

ቄሱ ባዶውን ጄሪካን እንደያዙ ቀረብ አሉ። "ጸበሉ አበላሻት ልትለኝ ነው?"

"የለም የኔታ። ያበላሸኋት እኔ ነኝ፤ ጸበሉ አሳየኝ።"

"እንግዲያ ሥራውን ሠርቷል" አሉና ጄሪካኑን ሰጡት። "የቀረውን ከግድቡ ቅዳ።"

"በረዶሽ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል?" አላት ወንዳወቅ ዓይናዲስን።

"እስከ ዘጠኝ።"

"ለዳዶዎቹ ሥር የሚሆን አሮጌ ጎማ ከአይሱዙው አላጣም። አንቺ ውሃ አፍስሺልኝ።"

ሚስቱ የተኮሰችለትን ነጭ ሸሚዝ ረስቶት አልነበረም፤ እያወቀ ጭቃው ላይ በጀርባው ተኝቶ ከሥሯ ገባ። ዓይናዲስ ሣጥኑን ጥላ ሥር አስቀምጣ ውሃ እየቀዳች ሞተሩ ሥር ማፍሰስ ጀመረች። ጠብ ባለ ቁጥር ወንዳወቅ በጠመኔ ያከብበዋል። አንዱ ዓይኑ ላይ ወረደበት፤ ጠርጎ ቀጠለ። ውሎ አድሮ የሚስቁበትን ሰዎች አሰበ፤ አፈረም። ማክበቡን ግን አላቆመም።

ዓለምነህ ቃለ ጉባኤውን ይዞ አጎነበሰ። ቅድም እንደነበረው አያስቸኩልም።

"ፕሮጀክቱ ሲተዋት የነበረ ቀዳዳ ነው ብዬ ልጻፈው? ላንተም ይሻላል፤ ጊዜም ይሰጡሃል።"

ወንዳወቅ የመጨረሻውን አከበበና አንድ በአንድ ቆጠራቸው።

"ስድስት ናቸው" አለ ከሥር ሆኖ። "ስድስቱንም የበሳሁ እኔ ነኝ። እንዲያ ብለው ይጻፉ።"