የታሰረው የኋላ ፍሬን

መካኒኩ ሸዕባን ከሚኒባሷ ሥር ተኝቶ ሳቀ። "ይቺን ሽቦ ያሰረ ሰው ወላሂ ደፋር ነው!"

ልጄ ንጋት ተንበርክካ አየች። ባለመኪናው አረጋ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ቆሟል። ትናንት ንጋት ከፍላቂት ሚኒባሷን ባዶዋን እየነዳች ስትመለስ፣ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ሳትደርስ በዝናብ ፍሬን ብትይዝ የመኪናዋ ጭራ ዞሮ ገደሉ አፍ ላይ ቆመ። አረጋ ቁልፉን የነጠቃት ለዚህ ነው። ከነገ ጀምሮ ሌላ ሾፌር ያስገባል።

ሸዕባን ወጥቶ እጁን ጠረገ። "ሽቦ የታሰረበት ይኸ ዘንግ ጭነት ነው የሚለካው። መኪናዋ ስትሞላ ወገቧ ይወርድና የኋላው ፍሬን ይጠነክራል፤ ባዶ ስትሆን ይላላል። ይኸን ሁልጊዜ እንደሞላች አድርገው አስረውታል። ባዶዋን ሲይዟት የኋላው ጎማ ቀድሞ ይቆማል፣ ጭራዋ ፊቷን ልቅደም ትላለች።"

"ከሷ ሌላ ማን ሊነካው?" አለ አረጋ።

"እኔ አልነካሁም ጋሼ።"

"እና ጅብ አሰረው?"

ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ወር መኪናዋ ደጃችን ቆማ ሳለች፣ ብየዳ የሚሠራውን ጎረቤታችንን ጋሻዬን ለምኜ። የኋላውም ጠንክሮ ከያዘ ልጄ አትሞትብኝም ብዬ ነበር። ሞልታ ስትሄድ ደህና ስለያዘላት ዝም አልኩ።

አሁንም ዝም ብል ንጋት ከመሪው ትወርዳለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶዋን ስጠብቅ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ያበቃል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። እጇን አየሁ። ግሪስ ነክቶታል፤ የመኪናዋን በር አልለቀቀም።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ጋሻዬን ለምኜ ያሳሰርኩት እኔ ነኝ።"

"እርስዎ?" አለ አረጋ።

"አይ እትዬ!" አለ ሸዕባን። "እኔን ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?" ሽቦውን ቆርጦ፣ ዘንጉን አስተካክሎ አጠበቀ። "በሉ፣ ማን ይፈትናት?"

አረጋ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለንጋት ሰጣት። ጠጠሩ ላይ ሁለት ጊዜ ነድታ ፍሬኑን አጥብቃ ያዘች። ሸዕባን አጎንብሶ የጎማውን ዱካ አየ። "የፊቱ ቀደመ፣ የኋላው ተከተለ። ጭራዋ ቀጥ ብላለች። አሁን ልክ ነው።"

"ተራ ሳያመልጥሽ ሂጂ" አላት አረጋ።

ንጋት አጠገቤ ስትደርስ አቆመች። "ከእንግዲህ መኪናዬን እንዳትነኪ።"

"እሺ።"

"ትሞትብኛለች ብለሽ ብታስቢም እንኳ፣ እማ።"

"እሺ" አልኩ።

ባዶዋን ወደ መናኸሪያ ነዳቻት።