በአመድ የታሸው ጊታር

ሐኪሙ ለአቶ ኤርካሎ የነገራቸው ነገር አጭር ነበረ። በጉሮሮአቸው ውስጥ ያለው እብጠት በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ሕይወታቸውም ምናልባት ይተርፋል፤ ድምፃቸው ግን ከዚያ በኋላ አይመለስም። ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳቸው መኪና ዓርብ ማለዳ ይነሣል። ይህ የተነገራቸው እሑድ ስለ ነበረ ለመዘመር የቀሩአቸው አራት ቀናት ብቻ ነበሩ።

አቶ ኤርካሎ የሁምቦ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ዐሥር ዓመት አልፎታል። በዕድሜአቸው ሙሉ በወላይትኛ የደረሱአቸው መዝሙሮች ሰባት ናቸው፤ ያልኖሩትን ነገር መዘመር ከሐሰት ምስክርነት ይቈጥሩት ስለ ነበር ከሰባት አላለፉም። ከሰባቱም ሦስቱን የደረሱአቸው በዚህ በመጨረሻው ዓመት፣ ሕመሙ ከጀመራቸው በኋላ ነው። ቃሉን ሶዶ የምትኖረው ልጃቸው እታፈራሁ በደብተር ጽፋዋለች። ዜማው ግን ያለው በእርሳቸው ጉሮሮ ውስጥ ብቻ ነበረ። ምእመናን የሚያውቁት የሚቀበሉትን አዝማች ነው። በስልክ የቀረጹ ሰዎች አልጠፉም፤ በእነዚያ ቅጂዎች ውስጥ ግን ከሁሉ በላይ የሚሰማው ጊታር ነው፤ የሽማግሌው ድምፅ ጎርፍ እንደ ወሰደው ሰው አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥልቅ ይላል።

ጊታሩን የሚጫወተው ይስሐቅ ነበረ።

ይስሐቅ በሶዶ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሲሆን የአጥቢያውን መዘምራን ዘጠኝ ዓመት መርቷል። አንድ ልምምድ አርፍዶ አያውቅም፤ ያረፈደውንም አይምርም። ጊታር ሲጫወት ክሩን የሚጫነው ባለ በሌለ ኀይሉ ነው። ጣቱ ሲደማ ደስ ይለው ነበር፤ ለእግዚአብሔር የተከፈለ መሥዋዕት ይመስለዋልና። ማንም ያልጠየቀውን መሥዋዕት የሚያቀርብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው ለራሱ መሆኑን ገና አልተማረም።

ሰኞ ከቀትር በፊት ሰባቱን መዝሙሮች ለመቅረጽ በቃለሕይወት መቅረጫ ክፍል ተሰበሰቡ። ቃለሕይወት ስልክና ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ሲሆን ከሱቁ ጓሮ ያለችውን ጠባብ ክፍል ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን ሸፍኖ መዝሙር ይቀርጽባታል። ሽማግሌው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ይስሐቅ የመጀመሪያውን መዝሙር መግቢያ ጀመረ።

በጊታር አንገት ላይ በአግድም የተተከሉ ቀጫጭን ብረቶች አሉ፤ ተጫዋቾች ፍሬት ይሏቸዋል። ጣት ክሩን ከፍሬት ጋር ሲያገናኘው ዜማው ይወለዳል። በዚያ ቀን ግን ይስሐቅ በሁለተኛው ፍሬት ላይ የተጫነው ክር ሦስተኛውን እየነካ፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ታሰረ ዝንብ ጥዝዝ አለ። ይስሐቅ አብዝቶ ተጫነ፤ ጥዝታው በረታ። ከዚህ በላይ ተጫነ፤ ክሩ ጨርሶ የሌላ ድምፅ አወጣ። አቶ ኤርካሎ ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለት ጊዜ አቆሙ። ጊታሩን ከሠላሳ ዓመት በፊት ለአጥቢያው የሰጡት እርሳቸው ስለ ነበሩ ድምፁን ያውቁታል። ምን እንዳገኘውም ጠየቁ።

ይስሐቅ፣ ጥፋቱ ከእርሱ ጋር እየተፈራረቀች ጊታሩን ትጫወት የነበረችው የሶፊ ነው አለ። ሁለት ዓመት እርሷ ስትጫወትበት ብረቱን እንደ በላችው፣ ይህንንም ባለፈው ዓመት ለአጥቢያው ሽማግሌዎች ነግሮ ከአገልግሎት እንዳስነሣት አስታወሳቸው።

«ሶፊ የት ናት?» አሉ አቶ ኤርካሎ። «እርሷ ስተነፍስ ትጠብቀኝ ነበር።»

ይስሐቅ ዲምቱ ትምህርት ቤት በመምህርነት ተመድባ እንደ ሄደች ነገራቸው። የስልክ ቍጥሯ በእጁ እንዳለ ግን አልነገራቸውም።

በቀረው የሰኞ ሰዓት ሌላ ጊታር ፈለገ። ሳምንቱ የወላይታ ዘመን መለወጫ የጊፋታ ዋዜማ ነበረና የአንዱ አጥቢያ ጊታር ከመዘምራኑ ጋር ወደ ሃላሌ ሄዷል፤ የሌላው ሁለት ክር ጎድሎታል። ኦርጋን የሚያውስ ተገኘ፤ ነገር ግን የሽማግሌው ድምፅ ትንፋሽ ወደ መሆን ተቃርቦ ስለ ነበር ኦርጋኑ ዋጠው።

ማክሰኞ ጊታሩን ይዞ ከመናኸሪያው በታች ወዳለው ወደ ደገፉ ሄደ። ደገፉ የበርና የመስኮት አናጺ ነው፤ በወጣትነቱ አዲስ አበባ የሙዚቃ ዕቃ ጥገና ስለ ተማረ ክራርም ጊታርም የተሰበረበት ሰው ወደ እርሱ ይሄዳል። ጊታሩን ወደ ብርሃን አቅንቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን እንደ ጣውላ ቃኘ።

ክሩ ጠንካራ ብረት ነው፣ ፍሬቱ ግን ከእርሱ የለሰለሰ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ተበዪው ፍሬቱ ነው ብሎ አስረዳው። አጥብቆ የሚጫን ሰው፣ ክሩንም ወደ ጎን የሚጎትት፣ በየቀኑ ይሞርደዋል። ላብና አቧራ የያዘ ክር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ክሩን በአንድ ቦታ ጠፍሮ የሚይዘውን ካፖ ከጨዋታ በኋላ ሳይፈቱ መተውም ያው ነው። ድምፁ እስኪጠራ ድረስ ብቻ፣ ከፍሬቱ ሥር ተጠግቶ የሚነካ፣ ሲጨርስ ክሩን በደረቅ ጨርቅ የሚጠርግ፣ የዛገ ክር በጊዜው የሚለውጥ ሰው ግን አንዱን ጊታር ለልጅ ልጁ ያወርሳል።

ይስሐቅ፣ የጠቀስኸው ጥፋት ሁሉ የአንዲት ተጫዋች ነው አለ።

ደገፉ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም ጥፍሩን በሁለት ክሮች መካከል አሳለፈ። «ክር የሚበላው በሚያልፍበት ቦታ ነው። እነዚህ ሦስቱ ፍሬቶች በክሩ ሥር ጎድጉደዋል፤ ይህ የእጅ ሥራ ነው፣ ገባኝ። ግን እዚህ፣ ክር በማይደርስበትስ? እስከ መጨረሻው ፍሬት ድረስ ሁሉም ተልጠዋል። በምንድን ነው የምትወለውሉት?»

«በጨርቅ» አለ ይስሐቅ።

«ጨርቃችሁ ጥርስ አለው እንዴ፣ ወንድሜ?»

በወላይታ ጊፋታ ሲቃረብ ቤት ሁሉ ይጸዳል፤ ያለፈው ዓመት እድፍ ወደ አዲሱ አይሻገርም። የአጥቢያውም ዕቃ ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ቅዳሜ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ብረት የሆነውም ሁሉ በአመድና በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይታሻል። ጊታሩን ከድስቱና ከትሪው ጋር እንዲወጣ ያዘዘው ይስሐቅ ነው። ዘጠኝ ዓመት፣ በየዓመቱ፣ ፍሬቶቹን አንድ በአንድ በገዛ እጁ ፈግፍጎ ፀሐይ ላይ ሲያብረቀርቁ ለመዘምራኑ ያሳይ ነበር። ያለፈው ቅዳሜም እንዲሁ አድርጓል።

ይህን ነውር አስቀድማ ያየችው ሶፊ ነበረች። ባለፈው ዓመት ጊታሩን ከአመዱ ዳር አንሥታ «ይህ እኮ ድስት አይደለም» ስትል ሰዎች ሣቁ። ይስሐቅ አልሣቀም። እርሷ በለሰለሰ ጣት፣ ብዙውን ጊዜም በአንገቱ ላይ ወደ ጊታሩ ሆድ ተጠግታ ትጫወት ነበር፤ እርሱም ይህን ቅንዓት ማነስ ብሎታል። በሳምንቱ ለሽማግሌዎች የጎደጎዱትን ፍሬቶች አሳይቶ ከሰሳት። የዘጠኝ ዓመት አገልጋይ ቃል ከሁለት ዓመቷ ቃል ይልቅ ታመነ። ጉድጓዱ የራሱ ጣት እንደሆነ ግን ያን ጊዜም ሳይጠረጥር አልቀረም፤ የጠረጠሩትን አለመመርመር ደግሞ ውሸትን በቁልፍ ማስቀመጥ ነው።

ደገፉ አዲስ ፍሬት በሶዶ እንደማይገኝ፣ ከአዲስ አበባ እስኪመጣም ሳምንት እንደሚፈጅ፣ የቀረውንም መሞረድ ብረቱን ጨርሶ ማጥፋት እንደሆነ ነገረው። አንድ መንገድ ብቻ ነበር። ከአምስተኛው ፍሬት በላይ፣ ወደ ጊታሩ ሆድ የተጠጉት ጉድጓድ የላቸውም፤ የታሹትም እኩል ስለሆነ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። በቀላል እጅ ለሚጫወት ሰው እዚያ ጥዝታ የለም።

ከዚያም የይስሐቅን ግራ እጅ ያዘና የጣቶቹን መጅ ተመለከተ። «ይህ እጅ ግን» አለ፣ «መሠረት ለመደልደል ነው የሚሆነው። ሌላ ሰው ፈልግ።»

ይስሐቅ ሌላ ሰው አልፈለገም። ረቡዕን ሙሉ በባዶው አዳራሽ ተቀምጦ እጁን ሊያለሰልስ ታገለ። ለጥቂት ጊዜ ጣቱ ይታዘዘዋል፤ ዜማው ሲሞቅ ግን የዘጠኝ ዓመት ልማዱ ይመለሳል፤ ክሩም ይጮኻል። እኩለ ቀን ላይ እታፈራሁ ደውላ የአባቷ ድምፅ ከትናንቱ ይልቅ እንደ ቀነሰ ነገረችው። ትንሽ እንዲታገሡ ለመናት። ከሰዓት በኋላ እንደገና ደወለች፤ አላነሣም። የስልኩን ዝርዝር ሲከፍት የሶፊን ቍጥር ያየዋል፤ አንድ ጊዜም ጣቱን አሳርፎበት አነሣ። ብትመጣ ለምን እንደ መጣች ይጠየቃል፤ ከተጠየቀም የአመዱ ነገር ይወጣል። ሁለት ቀን ሙሉ በአንድ በኩል የሰባት መዝሙር ዜማ፣ በሌላ በኩል የገዛ ስሙ ተቀምጠው ነበር፤ እርሱም ስሙን መረጠ። ይህን ያደረገው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። መልካም ሰው መባልን ከመልካምነት ስላስበለጠ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌውን ሊጠይቅ ወደ እታፈራሁ ቤት ሄደ። አቶ ኤርካሎ በምልክት አቀረቡትና አንድ ነገር ተናገሩ። አልሰማም። ጆሮውን ወደ አፋቸው አስጠጋ፤ «ዛሬ ነው» ነበር ያሉት።

በሚኒባስ ወደ ዲምቱ ወረደ። ሶፊ በትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ከወላጆች ሰልፍ ፊት ተቀምጣ አዲስ ተማሪዎች ትመዘግብ ነበር። ሰልፉ እስኪያልቅ ልጠብቅ ብሎ ቆመ፤ ወዲያውም መጠበቅ የለመደው ማምለጫ መሆኑን ተረዳ። ወላጆቹ እየሰሙ ተናገረ።

«ሶፊ፣ ጊታሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በአመድ ፈግፍጌ፣ በጣቴም ቦርቡሬ ጨረስሁት። በአንቺ ላይ አሳበብሁ። ጋሽ ኤርካሎ ነገ ማለዳ ይሄዳሉ፤ ድምፃቸው ከዛሬ አያልፍም።»

እርስዋም መዝገቡን ዘግታ ለባልደረባዋ ሰጠችና ቦርሳዋን አነሣች። መኪና ውስጥ ገቡ። ከዚያም ወደ መስኮቱ እየተመለከተች፣

«ሰኞ ብትደውልልኝ ሰኞ እመጣ ነበር» አለች።

የዳሞታ ተራራ ከደመና ሥር ወጥቶ እየቀረበ መጣ፤ ይስሐቅ ሰዓቱን ይመለከት ነበር።

በመቅረጫው ክፍል ሶፊ ጊታሩን ተቀብላ ፍሬቶቹን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ ፊቷ ተለወጠ፤ ነገር ግን ወቀሳ አልጨመረችም። ክሮቹን በደረቅ መሐረብ ጠረገች። ከአምስተኛው ፍሬት በላይ ወጥታ፣ ቅንጣት ታህል ብቻ ነካች። ክሩ ጠራ። አቶ ኤርካሎ ድምፁን ሰምተው እጃቸውን ወደ እርሷ ዘረጉ፤ የጀመሩትም እርሷ ከምታውቃቸው ከአራቱ የቀድሞ መዝሙሮች ነበር።

ይስሐቅ በሩ አጠገብ ቆሞ ሰማ። ሽማግሌው በየስንኙ መካከል ይተነፍሳሉ፤ ሶፊም አንዱን ክር ብቻ እያንሾካሾከች ትጠብቃቸዋለች። ዘጠኝ ዓመት በጎናቸው ተቀምጦ ሳለ፣ በሁለተኛው መዝሙር መጨረሻ ድምፃቸው እንደ ልቅሶ ዝቅ እንደሚል አያውቅም ነበር። ሦስተኛው አለቀ። አራተኛው ሲያልቅ የመጨረሻው ቃል አየር ብቻ ሆኖ ወጣ።

አቶ ኤርካሎ ውሃ ጠጡ። አምስተኛውን ለመጀመር አፋቸውን ከፈቱ፤ ደረታቸው ተነሣ፤ ከንፈራቸውም ቃሉን ሠራ፤ ድምፅ ግን አልነበረም። እንደገና ሞከሩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክሩ እታፈራሁ ትከሻቸውን ያዘችና «ይበቃል፣ አባቴ» አለች። የቀሩት ሦስቱ መዝሙሮች፣ ሞትን ፊት ለፊት አይተው የደረሱአቸው፣ አልተቀረጹም።

ያን ጊዜ ቃለሕይወት ከመሣሪያው ቀና አለ። ፊቱ ላይ ተስፋ ነበረ።

«ወንድም ይስሐቅ፣ እነዚህን ሦስቱን ዓመቱን ሙሉ አብረሃቸው የተጫወትህ አንተ ብቻ ነህ። ቃሉ ይኸው፣ በደብተሩ አለ። አንተ ዘምረው፤ ስትሳሳት ጋሼ ራሳቸውን ነቅንቀው ያርሙሃል።»

ሁሉም ወደ እርሱ ዞሩ። እታፈራሁ ደብተሩን ገልጣ በእጁ አኖረችው። ሶፊ ጣቷን በሰባተኛው ፍሬት ላይ አሳርፋ፣ የትኛውን ድምፅ እንደሚሰጣት ጠበቀች። ቃለሕይወት ቁልፉን ጫነ፤ ትንሿ ቀይ መብራት በራች። አቶ ኤርካሎም የደከመ ዓይናቸውን ወደ እርሱ መልሰው፣ ራሳቸውን ለመነቅነቅ ተዘጋጅተው፣ ጆሮአቸውን ሰጡት።

ይስሐቅ ቃሉን አነበበው። የግራ እጁ ጣቶች በአየር ላይ ተሰበሰቡ፤ የትኛው ጣት የት እንደሚጫን፣ መቼ እንደሚነሣ፣ ምን ያህል እንደሚደማ ሁሉንም ያስታውሳሉ። ዜማውን በልቡ ፈለገ። የመጀመሪያውን ስንኝ ፈለገ፤ የሚመጣለት የራሱ ጊታር ጩኸት ነበር። ሁለተኛውን ፈለገ፤ እዚያም የነበረው እርሱ ብቻ ነው። ከጩኸቱ ሥር አንድ ሽማግሌ እየዘመሩ እንደ ነበር ያውቃል፤ ምን እንደ ዘመሩ ግን አልሰማም።

አፉን ከፈተ። ሽማግሌው ጠበቁት። ቀዩ መብራት በርቶ ቆየ።