የቡቺ ድርሻ

ሃያ ዓመት ሙሉ በግ ሳርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ጉበት የሚያስተምረኝ ሰው ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ዶክተር ህሊና ግን ወረቀት ላይ ጉበት ስላ አስረዳችኝ።

«አቶ ኩማ፣ ከእናትየው ጉበት በግራ በኩል ያለችውን ትንሿን ክፍል ከነደም ሥሯ ይቆርጡና ለልጅቷ ይተክሉላታል። የእናትየው መልሶ ያድጋል።»

ልጃችን ሮሆቦት የሐሞት መውጫዋ ተዘግቶ ነው የተወለደችው። ዓመት ከሦስት ወሯ ነው፤ ዓይኗ ቢጫ፣ ሆዷ የተነፋ። ከዘመድ ሁሉ ደሙ የገጠመው የባለቤቴ የሄራን ብቻ ነው። ሕንድ አገር ቀጠሮ ተይዞልናል። የቀረን የሄራን አልትራሳውንድ ነበር።

«ቆራጭ ካጡ እኔ አለሁ» ብዬ ቀለድኩ። ሄራን አልጋው ላይ እንደተኛች ሳቀች። ዶክተሯ አልሳቀችም። መሣሪያውን ከሄራን ጎድን ሥር አንድ ቦታ ላይ አቁማ ስክሪኑን አተኩራ አየች።

እኔም አየሁ። ጥቁር ክብ ነገር፣ ውስጡ ሌሎች ትንንሽ ክቦች። ፈራሁ፤ የማውቀው ነገር ነውና። በበዓል በሰፈራችን በቡሹሎ በየቤቱ እየዞርኩ ሳርድ፣ ውሃ የቋጠረ ጉበት አንዳንዴ ያጋጥመኛል። ሰው እንዳይበላው እለየዋለሁ፤ በዚህ አልታማም። ቤት እወስድና ለውሻችን ለቡቺ እጥልለታለሁ። ሥጋ ሲባክን ያናድደኛል።

«ቤታችሁ ውሻ አለ?» አለች ዶክተሯ።

«አለ እንጂ» አለች ሄራን። «ስምንት ዓመቱ ነው። ከእኔ እጅ እየበላ ነው ያደገው።»

«ጉበትሽ ላይ ያለው ከውሻ የሚመጣ ትል የቋጠረው ውሃ ነው። እንዲህ ያለ የበግ ጉበት የበላ ውሻ ነው በሽታውን ወደ ሰው የሚያመጣው። አዝናለሁ፣ ሄራን፤ አንቺ መስጠት አትችዪም። ሌላ ሰው ቶሎ ፈልጉ። ልጅቷ ጊዜ የላትም።»

«እኛ ቤት የታመመ ጉበት ከየት ይመጣል? ኩማን ጠይቂው፣ እሱ እንኳን ለቤቱ ለባዕድም አያበላም!»

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ቤት ስንደርስ ቡቺ የበሩን ድምፅ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። እጄን አሸተተ፤ ባዶ ሲሆንበት ወደ ሄራን ሄደ። ሮሆቦት ከእናቷ እቅፍ ሆና እየሳቀች እጇን ዘረጋችለት። ላሰው።

«ሂድ ከዚህ!» ብዬ በእግሬ ገፈተርኩት። አለቀሰ።

ሄራን እንባዋን ሳትጠርግ ጎንበስ ብላ ጭንቅላቱን ደባበሰችው።

«ምነው ኩማ? እሱ ምን አደረገ?»