ያለ ሚስት የታሰሩ ዓሦች

ዓሣው ከልክ በላይ ተራባ፤ ጥፋተኛውም የምሩቋ አጎት ነበር።

ምሩቋ (ከተመረቀች ወዲህ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም) በጓሮው ኩሬ የለቀቀችው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ፣ ያውም ወንድ ወንዱን ብቻ ነበር። ወንዱ ቶሎ ይወፍራል። ሴት ካገኘ ግን ቀልቡ ይሰረቃል፤ ኩሬው በጫጩት ይሞላል፤ መኖው ለማንም አይደርስም። ጓሮው የልብስ ሰፊው አጎቷ ነው። ዛሬ ገዢ ካልተገኘ ኩሬው ተደፍኖ ሁለተኛ የስፌት ክፍል ሊሠራበት ተስማምተዋል።

አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ዓሣ ልትገዛ ማልዳ መጣች። መረቡን ከአረንጓዴው ውሃ ስታወጣው ጣት ጣት የሚያህል ዓሣ ተርመሰመሰበት።

«ልጥበሰው ወይስ ላጥባው?» አለች ሴትዮዋ።

ምሩቋ ወደ አጎቷ ዞረች። «ጋሼ፣ እነዚህ ከየት መጡ?»

«ከእናታቸው።»

«እናት አልጨመርኩም።»

አጎቷ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሜትር ይጠቀልል ጀመር። «እኔ ጨመርኩ። ያን ሁሉ ጎረምሳ ያለ ሚስት ስታስሪው አንጀቴ አልቻለም። የወንደላጤን ኑሮ ካንቺ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።»

ሴትዮዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት መረቡን ለቀቀችው። ምሩቋ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። ሦስቱም እየተንከተከቱ ስፌት ክፍሉ ገብተው እስኪረጋጉ ጠበቁ።

«በገንዳ ብናረባው ይሻል ነበር» አለ አጎቷ።

«መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋው ሞተር ይቆማል፤ ዓሣው ታፍኖ ያልቃል።»

«ሐይቅ ውስጥ፣ በመረብ በታጠረ ቀፎስ?»

«አንድ ማዕበል ይበቃዋል። ኩሬ ርካሽ ነው፤ ጣጣው መራባቱ ነው። ለሱም አምባዛ የሚባለው ዓሣ በል ዓሣ አለ። ጫጩቱን ይለቅምልናል፤ የቀረው ይወፍራል።»

«እኔው ድሬ፣ ልጆቻቸውን እኔው ላስበላ?»

«እኔ አምባዛውንም እገዛለሁ» አለች ሴትዮዋ እንባዋን እየጠረገች። «ቆሮሶው ሰሃን ሲሞላ ጥሩኝ፤ እስከዚያ እታገሣለሁ። ኩሬው ይቆይ።»

አጎቷ መቀሱን አየ፣ ጣሪያውን አየ። በመጨረሻ አምባዛ ማምጫ ባልዲ አነሳ። «እሺ፣ ይቆይ። አምባዛውን ግን እኔ ልምረጥ። ጥርሱ የደከመ፣ ሆዱ የጠገበ አይጠፋም።»

ምሩቋ ባልዲውን ከእጁ ነጠቀችው፤ ወጣች፤ እንዳይከተላትም በሩን ዘጋችበት።